አንድ ሳጥን ይበቃቸዋል ወይ?

እሁድ ማታ እህቴ ደወለች። እኔ የሱቁን ሒሳብ እየዘጋሁ ነበር። እሷ ያለችበት አሜሪካ ገና ጠዋት ነው። ቡናዋን ፉት ስትል ይሰማኛል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳትስቂብኝ ግን።»

እህቴ ልጆቿን ትምህርት ቤት አትልክም። ቤት ነው የምታስተምራቸው። እዚያ ይሄ ነገር በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው፤ ደንቡ ነው እንጂ ከግዛት ግዛት የሚለያየው። መጽሐፉን፣ የመልመጃ ደብተሩን፣ ለወላጅ የተዘጋጀውን መምሪያ ሁሉ በአንድ ሳጥን አሽገው የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ። ሳጥኑ ላይ የክፍሉ ደረጃ ተጽፎበታል። ሴቷ ልጇ 9 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 7። ለእሷ የ4ኛ ክፍል፣ ለእሱ የ2ኛ ክፍል ሳጥን ልትገዛ ነው። ዋጋው ሁለት፣ ድካሙ ሁለት።

«መሃሉን ብገዛስ?» አለችኝ። «የ3ኛ ክፍሉን አንድ ሳጥን ገዝቼ ሁለቱንም በሱ ባስተምራቸውስ? ይበቃቸዋል ወይ?»

አልሳቅኩም። እኔ ይሄንኑ ነገር ሞክሬዋለሁ። ያውም ያለ ሳጥን፣ ጅማ ውስጥ፣ በፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ። ስልክ ላይ ብዙ ተንተባተብኩባትና «ቆይ ጽፌ ልላክልሽ» አልኳት። ስጽፈው ረዘመ። ሌላም ሰው ይጠቅመው እንደሆነ ብዬ እዚህ አስቀመጥኩት።

መጋቢት 2012ን ታስታውሳላችሁ። በ4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ተባለ፣ በ7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። የኔ ሱቅ ከዩኒቨርሲቲው ብዙም አይርቅም። ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ጥረዛ እሠራለሁ። እንጀራዬ ተማሪ ነው። ተማሪው ወደየቤቱ ሲሄድ ማሽኑም እኔም ተፋጠን ቀረን። ባለቤቴ የአይሱዙ ሾፌር ነው፣ ቡና ጭኖ ይሄዳል፣ በሦስተኛው ቀን ብቅ ይላል። ሦስቱ ልጆች ቀኑን ሙሉ እኔ ላይ ናቸው።

ትልቋ ያኔ 10 ዓመቷ ነበር፣ 4ኛ ክፍል። ማሙሽ 8፣ 2ኛ ክፍል። ሚጡ 5 ዓመቷ፣ ኬጂ። (ስማቸውን አልጽፍም። ትልቋ አሁን 10ኛ ክፍል ናት፤ እዚህ ስሟን ካየች ቤት አታስገባኝም።)

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ለሦስቱም የየራሳቸውን ፕሮግራም አወጣሁ። ሰንጠረዥ ሠርቼ፣ ፕሪንት አድርጌ፣ በላሚኔሽን ለብጬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ሐሙስ ላይ ሞተ። አንዷን ሳስረዳ ሌላው ይጠብቃል። የሚጠብቀው ትንሿን ይነካታል። ትንሿ ታለቅሳለች። ሳባብላት የጀመርኩትን እረሳዋለሁ። አርብ ጠዋት ጎረቤቴ የልጇን የ3ኛ ክፍል መጻሕፍት ሰጠችኝ። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ትልቋ አንድ ደረጃ ትውረድ፣ ማሙሽ አንድ ደረጃ ይውጣ፣ መሃል ላይ ይገናኙ። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ገለጻ፣ አንድ እርማት።

ትልቋ እንዳትነቃ ብዬ መጽሐፎቹን በአሮጌ ካላንደር ለበድኳቸው። ሽፋኑ ላይ ያለው «3ኛ» እንዳይታይ። ሁለት ቀን እንኳ አልቆየም። ጥጉን በጥፍሯ ገልጣ አየችው። ምንም አላለችም። ያን ጊዜ ዝምታዋ ስምምነት መስሎኝ ነበር።

አሁን መልካሙን ልንገራችሁ። መጥፎው ይደርሳል።

አብሮ መማር በጣም የሠራልን በቡናው ነው። ጅማ ተቀምጦ ቡና ያላስተማረ ምን ያስተምራል? አንድ ዘመዳችን ከገጠር ለዘር የተያዘ ፍሬ ይዞልን መጣ። 12 ፍሬ ቆጥረን ወሰድን። ሃይላንድ በመቀስ ቆረጥን፣ ታቹን በሚስማር በሳን፣ አፈር ሞላን፣ በእያንዳንዱ አንድ አንድ ፍሬ ቀበርን። ከ1 እስከ 12 ቁጥር ለጠፍንበት። ከዚያ መጠበቅ ነው። የቡና ዘር እንደ ባቄላ አይደለም፤ አንድ ወር ከምናምን አፈር ውስጥ ተኝቶ ሰው ተስፋ ካስቆረጠ በኋላ ነው ብቅ የሚለው። ማሙሽ በሁለተኛው ሳምንት አንዱን ቆፍሮ አየው። ቁጥር 5 በዚህ ምክንያት ሞተ።

በመጨረሻ 7ቱ በቀሉ። ሥራው አንድ ነው፣ ሦስቱም እኩል ጎንበስ ብለው ነው የሚያዩት። ደብተር ላይ የሚሰፍረው ግን ይለያያል። ሚጡ የበቀሉትን ትቆጥራለች፣ ትሥላለች። ማሙሽ በማስመሪያ ይለካና በሠንጠረዥ ይጽፋል። ትልቋ ከ12 ውስጥ 7 ማለት ምን ያህል እንደሆነ በክፍልፋይ ጻፈች፤ ቀጥላ ያልበቀሉት ለምን እንዳልበቀሉ አንድ ገጽ ሙሉ ምክንያት ደረደረች። (ቁጥር 5 ላይ «በወንድሜ ተገደለ» ይላል።)

መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ከከተማው ብዙም አይርቅም። ባለቤቴ በዚያ በኩል ሲያልፍ ስለ ቡና ዝርያዎች ስም የሰማውን ነገራቸው። 74110፣ 74112፣ 74158። ልጆቹ ስልክ ቁጥር መሰላቸው። 74 ማለት ዛፎቹ የተመረጡበት ዘመን ነው፤ 1974 በፈረንጅ። የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ በ1971 እ.ኤ.አ. ከታየ በኋላ በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ ፍለጋ ተገብቶ የተገኙ ናቸው። ይሄን ለ10 ዓመት ልጅ ሲነግሩ ታሪክ ነው፣ ለ8 ዓመት ልጅ ምስጢር የማወቅ ጨዋታ ነው፣ ለ5 ዓመት ልጅ ደግሞ ዛፍ ስም ሳይሆን ቁጥር ሲወጣለት የሚያስቅ ነገር ነው። አንድ ወሬ ነው የነገራቸው። ሦስቱም የሚበቃቸውን ወሰዱ።

ሌላው እንቆቅልሽ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ክረምቱ ሲገባና ቆርቆሮው ሲንጫጫ፣ «እንቆቅልህ» ይባላል። «ምን አውቅልህ!» ያላወቀ አገር ይሰጣል። ማሙሽ በአንድ ማታ ጅማን፣ አጋሮን፣ በደሌን ሰጥቶ ጨረሰ። ትልቋ ያኔ አንድ ሕግ አወጣች። አገር የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ ካርታ ላይ ያሳያታል፤ ካላሳየ አይቆጠርለትም። በሻማ ብርሃን ግድግዳው ካርታ ላይ ተለጥፈው መተማን ሲፈልጉ ያየሁበት ማታ አለ። ጂኦግራፊ የሚባል ነገር ያን ቀን ብናገር ማንም አይሰማኝም ነበር።

ጅሬንም ወጥተናል፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ከውጭ ከውጭ ነው ያየነው፣ ጊዜው አይፈቅድም ነበር። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው የገዙት። ትልቋ መሬት ላይ በእንጨት ቀንሳ 54 ዓመት አለች። ማሙሽ «ከእማዬ ዕድሜ ይበልጣል?» ብሎ ጠየቀ። ሚጡ የእንጨቱን በረንዳ እያየች ንጉሡ ረጅም ስለነበሩ በሩ ላይ ጭንቅላታቸው ይጋጭ ነበር ወይ አለች። ጥያቄዋ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ያየ ሰው «አንድ ሳጥን ይበቃል» ቢል አይፈረድበትም። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ሒሳብ ላይ እስክንደርስ።

ፋሲካ አልፏል። ከሰዓት ነው፣ መብራት ስለሌለ ጠረጴዛውን ወደ ሱቁ በር አውጥተነዋል። በተበላሸ ፕሪንት ጀርባ ላይ 84 ለ4 ብዬ ጻፍኩ። ማካፈል የ3ኛ ክፍል ነው፤ ለሁለቱም ይሆናል ብዬ። ትልቋ እርሳሷን አነሳች፣ አሰመረች፣ 8ን ለ4 ማካፈል ጀመረች። ማሙሽ ኮርኒሱን አየ።

«ሃያ አንድ!»

«ጎበዝ!» አልኩ። ያቺን «ጎበዝ» ብመልሳት ደስ ይለኝ ነበር።

ቀጠልኩ። 96 ለ3። እንደገና ኮርኒሱን አየ። «ሠላሳ ሁለት!» ትልቋ ጎንበስ ብላ ግራ እጇን በደብተሯ ዙሪያ አጠፈችው። እየሠራች መሰለኝ። እርሳስ ልቀርጽላት በኋላዋ ዞርኩ። ደብተሯ ላይ 32 ተጽፏል። ንጹሕ አድርጋ፣ ከነመንገዱ። እሷ ግን በላጲስ እያጠፋችው ነው። ቀስ ብላ ሳይሆን በኃይል። ወረቀቱ ተበሳ።

«ለምን ታጠፊዋለሽ? ልክ እኮ ነው።»

«ከሱ የቀዳሁ ይመስላል።»

በዚያ ቀን ሌላ ነገር አላስተማርኩም። በማግስቱ ቁርስ ስንበላ «እማ፣ ዛሬ ሳህን እኔ ልጠብ፣ አንቺ እሱን አስተምሪው» አለችኝ። ይቺ ልጅ ሳህን ከማጠብ ይልቅ ጸጉሯን ብትላጭ የምትመርጥ ናት።

መጀመሪያ የወሰድኩት መፍትሔ የባሰ ነበር። ማሙሽን «መልሱን ጮክ ብለህ አትናገር» አልኩት። አልተናገረም። ግን ጉንጩን ነፍቶ፣ ወንበሩ ላይ እየተቁነጠነጠ፣ ሽንቱ እንደመጣበት ልጅ ይተነፍሳል። ሁላችንም መልሱ አፉ ውስጥ እንዳለ እናያለን። ከመናገሩ የበለጠ ይረብሻል።

ሁለተኛው መፍትሔ ብዙ ሰው የሚመክረው ነው፦ ትልቋ ታስተምረው። አስተማሪ ስትሆን ክብሯ ይመለስላታል ተብሎ። ሁለት ቀን ሞከርን። በመጀመሪያው ቀን ማስመሪያ ያዘች። በሁለተኛው ቀን ማስመሪያውን ተጠቀመችበት። ልክ የራሷ ክፍል ውስጥ ያየችውን ነው የደገመችው። ድምፁም አነጋገሩም የሷ አልነበረም።

ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ይቺው ልጅ ሚጡን ፊደል ስታስቆጥር ሌላ ሰው ናት። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያለች ጣቷን ይዛላት ትሄዳለች። ስትሳሳት ትስቃለች እንጂ አትቆጣም። አንድ ቀን ሚጡ «ይሄ ሁሉ ስንት ነው?» ስትላት 33ን በ7 አባዝታ 231 ብላ ነገረቻት፤ ሚጡ አልቅሳ ልትሞት ነበር። አምስት ዓመት ሲበልጧት እናት ይኮናል። ሁለት ዓመት ሲበልጡት ግን ተወዳዳሪ ነው። የኔ ቤት እንደዚህ ነው። የእህቴ ልጆች ደግሞ ልዩነታቸው ሁለት ነው። ስልኩ ላይ ያደናቀፈኝ ይሄው ነው።

አባቴ ጅማ ከመምጣቱ በፊት የቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር። ሲያጫውተን አንድ ዛፍ ሥር፣ አንድ የኔታ፣ ምናልባት ሠላሳ ልጅ። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ ላይ ነው፣ አንዱ ዳዊት ደርሷል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮሃል። ዳዊት የደረሰው ፊደል ቆጣሪውን ያስቀጥላል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ማን እንደሳተ በጆሯቸው ይለያሉ። እኛ ሰፈርም ቁርአን የሚቀሩ ልጆች አሉ። ከሱቄ ኋላ ካለው ቤት ድምፃቸው ይመጣል። ትልቁም ትንሹም አንድ ምንጣፍ ላይ ነው፣ ግን እያንዳንዱ የራሱን የእንጨት ሰሌዳ ታቅፎ። የጎረቤቱን ሰሌዳ የሚያነብ የለም።

ይሄን ድምፅ ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ! ልብ ያልኩት ግን ያን ሰሞን ነው። እነሱ ልጆቹን ያዋሃዱት በጥላው ነው፣ በምንጣፉ ነው፣ በመምህሩ ነው። በገጹ አይደለም። እኔ ደግሞ ገጹን አንድ አድርጌ፣ ሁለት ልጅ አንድ መስመር ላይ አቁሜ፣ «ተነሥ!» ያልኩ ያህል አሯሯጥኳቸው።

ስለዚህ ሒሳቡን ለየሁት። አንደኛ፣ ሰዓቱን። ማሙሽ ጠዋት፣ ጭንቅላቱ ሳይሞቅ፣ 25 ደቂቃ። እሷ ከምሳ በኋላ፣ እሱ ውጭ ሲጫወት። ሁለተኛ፣ ርዕሱን። እሱ ማካፈሉን ይቀጥል። እሷ ወደ ክፍልፋይና ልኬት ትሂድ። ያንን ለማንም ሳላወዳድር። ባለቤቴ ማታ ሲመጣ ለእሷ ብቻ የሚሆን ጥያቄ ይዞላት ይመጣ ጀመር። «ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 50 ብነዳ ስንት ሰዓት? ወሊሶ ላይ አንድ ሰዓት ምሳ ብበላስ? ጎማ ቢፈነዳስ?» ጎማው ሁልጊዜ ይፈነዳል። አንድ ቀን «አባዬ፣ አንተ ጎማ ግዛ እንጂ ሒሳብ አትጠይቅ» አለችው።

ከሁሉ የገረመኝ ቆይቶ የታየው ነው። ደብተራቸውን ለብቻ ለብቻ ሳርም ማሙሽ ከ10 ጥያቄ 4ቱን ይስታል። ኮርኒሱ ትልልቅ ቁጥር ላይ አይረዳውም፣ መንገዱን ደግሞ አይጽፍም። እሷ አንድ ትስታለች፣ አንዳንዴም ምንም። እሷ ዘገምተኛና ጠንቃቃ ናት፤ ይኸው ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን የቀደመ ያወቀ ይመስል ነበር። ለእኔ ለራሴም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ትክክለኛ መልስ ይዛ ተሸናፊ ሆና ነው የተነሣችው።

ንባብ መካከል ላይ ነው። ማዳመጡ አብሮ ይሆናል። አያታቸውን በስልክ ላውድ ላይ አድርገን «ተረት ተረት» ስትል ሦስቱም «የላም በረት!» ይላሉ። ደረጃ የለውም። ሲጽፉ ግን ይለያያሉ። ትልቋ መጨረሻውን ቀይራ ትጽፋለች፣ ማሙሽ አራት ዓረፍተ ነገር (አራተኛው ሁልጊዜ «ከዚያ ጅቡ በላው» ነው)፣ ሚጡ ጅቡን ትሥላለች። ድምፅ እያወጡ ማንበብን ግን እንዳታዋህዱ። ማሙሽ እየተንተባተበ ሲያነብ ትልቋ ቃሉን ከአፉ ትነጥቀዋለች። እዚያ ላይ ደግሞ እሱ ነው ላጲሱን የሚያነሣው። ሒሳብ ላይ የተሠራባትን መመለሷ ይሁን አይሁን አልጠየቅኳትም።

በአፋን ኦሮሞ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ከሁላችንም የምትችለው ሚጡ ናት። ቀኑን ሙሉ ደጅ ከሰፈር ልጆች ጋር ስለምትውል። የጎረቤታችን አዴ ሻይ ልትጠጣ ስትመጣ የሚያወሩት ሁለቱ ናቸው፣ እኛ እንሰማለን። ቁቤውን ትልቋ ታነባለች፣ ትርጉሙን ሚጡ ትነግራታለች። አንዷ ያለ ሌላዋ አትችልም። እንዲህ ያለ ትምህርት ቢበዛልኝ እንዴት በወደድኩ። አስቤ ያመጣሁት አይደለም።

ትምህርት ቤት በ2013 ሲከፈት ትልቋ 5ኛ፣ ማሙሽ 3ኛ ገቡ። እሷ አንድ ዓመት ወደኋላ የተመለሰ መጽሐፍ ይዛ ብትቆይም ችግር አላጋጠማትም፤ ክፍልፋዩ ጠቅሟታል። የተቸገረው ማሙሽ ነው። «እማ፣ ይሄን እኮ ጨርሰነዋል» እያለ ግማሽ ዓመት በመስኮት ውጭ ሲያይ ከረመ። ተጠርቼ «ልጅሽ አይከታተልም» ተባልኩ። ተከታትሎ ጨርሶት ነው ማለት አፈርኩ። ይሄን የምጽፈው ልጆቹን አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤት ለመመለስ ለሚያስብ ሰው ነው። ወደ ላይ የሳባችሁት ልጅ ተመልሶ የሚጠብቀው የራሱ ክፍል አለ።

ለእህቴ የጻፍኩት እንግዲህ እንዲህ ነው። ሳይንስ፣ ታሪክ፣ አገር ማወቅ፣ ተረት፣ ሥዕል አብራ ታድርገው። እዚህ ላይ አንድ ሳጥን ይበቃል። ከመሃሉ ይልቅ እንዲያውም የትልቋን ብትገዛ ይሻላል እላለሁ። ትንሹ ወንድሟ የሚበቃውን ይዞ ይቀራል፣ ለእሷ ግን ወደ ታች የተጎተተች አይመስላትም። ሒሳብና ንባብ ለየብቻ ይሁን። ለሁለት ሙሉ ሳጥን አይደለም፣ ለሁለት የሒሳብ መጽሐፍ ነው የምታወጪው። ሰዓቱንም ለይው፣ አንዱ ሲማር ሌላው እዚያ ቁጭ ብሎ እንዳያይ። መጽሐፉ ላይ ያለውን የክፍል ቁጥር ደግሞ አትሸፍኚው። በጥፍሯ ትገልጠዋለች። ቁጭ አድርገሽ ንገሪያት።

ስለ ድካም ደግሞ። እህቴ ሦስት ጊዜ «ስንፍና አይደለም» አለችኝ። ማን ስንፍና አለ? ሁለት ልጅ ቤት አስተምሮ፣ ምሳ ሠርቶ፣ ማታ ሥራ ገብቶ የሚያድር ሰው ገለጻውን ወደ አንድ ማምጣት ቢፈልግ መብቱ ነው። እኔ ያዋሃድኳቸው ትምህርታዊ ጥናት አንብቤ አይደለም። ደክሞኝ ነው። የቡናው ትምህርትም የመጣው ከዚያው ድካም ነው፣ የተበሳው ወረቀትም።

ጽፌ ከላክሁላት በኋላ ማታ መልሳ ደወለች። «የትልቋን ሳጥን አዘዝኩ፣ ለሒሳብ ሁለት መጽሐፍ» አለች። ቀጥላ «ግን እትዬ፣ የኔ ልጅ ገና ምንም አላጠፋችም» አለችኝ። «እንግዲህ ደብተሯን አገላብጪ» አልኳት። ዝም አለች። በስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገለበጥ ይሰማኛል።

ከ7ቱ ቡናዎች አንዷ ተርፋለች። ከሱቁ ጀርባ፣ ከውኃ ታንከሩ ጎን ናት። በ2016 ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራች፣ 11 ቀይ ፍሬ። ቁጥሯ የተጻፈበት ሃይላንድ ከተጣለ ቆይቷል። ትልቋ ቁጥር 3 ናት፣ የኔ ናት ትላለች። ማሙሽ ቁጥር 9 ናት፣ የኔ ናት ይላል። የድሮውን ደብተር አውጥቼ ቁመታቸውን ላመሳክር ብዬ ነበር። የማሙሽ ሠንጠረዥ ላይ 3 እና 9 እኩል ናቸው። የትልቋ ገጽ ላይ ደግሞ ስለ ቁጥር 5 እንጂ ስለሌሎቹ ብዙ አልተጻፈም። ሚጡ በሥዕሏ ሰባቱንም ሥላለች፣ ሁሉንም ወይን ጠጅ ቀለም ቀብታ።